ለሬሳ የተጠገነች መኪና

እንጅባራ ውስጥ የእንየውን መኪና የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከተማውን የረገጠው ትናንት ነው ማለት ነው። ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ። እኔ ሳውቃት ግን አንድ በሯ ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ዝገት የበላው፣ የኋላ መብራቷ በገመድ የታሰረ አሮጌ ፒካፕ ናት። የአንድ የደን ፕሮጀክት ንብረት ነበረች። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ በጨረታ ስትወጣ እንየው ዳንግላ የነበሩትን ፈረሶችና ጋሪውን ሸጠ፤ ሚስቱ የሻረግ ደግሞ ከአባቷ የደረሷትን ላሞች ጨመረችበትና ገዟት። "ላም የበላች መኪና" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

እኔ እመቤት እባላለሁ። ቤቴ ከእነሱ ግቢ ፊት ለፊት ነው፤ በሬ ላይ ሽንኩርት፣ ጨውና ክብሪት ዘርግቼ እውላለሁ። ሰፈሩ ወሬኛ ይለኛል። ወሬኛ አይደለሁም፤ በሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ልጨፍን?

እንየው የዳንግላ ልጅ ነው። አባቱ ባለጋሪ ነበሩ፤ እሱም ጺም ሳያበቅል ጀምሮ ጋሪ ሲነዳ ኖሮ ነው ወደ መኪና የተሻገረው። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ድምፁ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ክፉ በሽታ ግን ነበረበት፤ እንቢ ማለት አይችልም። ኮረብታ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ አመላልስልኝ ቢለው ያመላልሳል። ከፊሉ ይከፍለዋል፣ ከፊሉ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎት ይገባል። የሻረግ "የኔ ባል እንቢ ሲል የሰማው እንቅልፍ ብቻ ነው" ትል ነበር። እሷ ከጥሊሊ በላይ ያለ ገጠር ልጅ ናት፣ አገው፤ ሳቋ ከግቢያቸው እኔ ሱቅ ድረስ ይመጣል። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህም አንዳቸው ለሌላው ባልም ሚስትም፣ ልጅም ወላጅም ነበሩ።

መኪናዋ በመጀመሪያ የምትሠራው ከሰል ነበር። ያኔ ገበሬው ሁሉ ጤፉን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሏል፤ ዛፉ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ እንየው ከገጠር ወደ አስፋልቱ ያወጣዋል። ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ይመለስ ነበር። በዚህ መሐል ነው አንዲት ወላድ እዚህ ከተማ የሞተችው። ወገኖቿ ከወዲያ ማዶ የመጡ ድሆች ናቸው፤ ሚኒባስ ሁሉ "ሬሳ አልጭንም" አላቸው። እኛ ዘንድ ሰው የትም ይኑር የት፣ የሚቀበረው እትብቱ በተቀበረበት ደብር ነው። ከአባቶቹ ተለይቶ ባዕድ አፈር የገባ ሰው፣ ወገን እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። እንየው ከሰሉን አራግፎ መኪናዋን አጠበና ወላዷን ወሰዳት። ዋጋ ሲጠይቁት "የሬሳ ዋጋ አይበላም" አለ።

ያቺ ቃል ኑሮው ሆነች። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው በሞተ ቁጥር የእድራችን ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የእንየው ፒካፕ ትጠራለች። የእድሩ ዳኛ አያ መሳፍንት በየስብሰባው ያመሰግኑታል፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል። ምርቃቱ ነዳጅ አይሆንም እንጂ መልካም ነበር። የኔንም ባል ከአዘና ማዶ አድርሳ ያስቀበረችልኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ በክፉ ላነሳት አልችልም። ነገር ግን በቁም ያለው ሰው እየራቃት ሄደ። ሙሽራ አይወጣባትም። እህል ጫኝ እንኳ "ታጥባለች ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ኋላ ዛፉን በሽታ ገባበትና ዲከረንሱ በየማሳው ቆሞ ሲደርቅ ከሰሉም ቆመ። ለእንየው የቀረለት ጭነት፣ የማይከፍለው ብቻ ነበር።

ያለፈው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከቀብር ሲመለስ፣ ዳገት ላይ ሞተሯ ጨሰና ቆመች። ገበሬዎች በበሬ ጎትተው አስፋልት አደረሷት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ተስባ ግቢው ገባች። ከዳንግላ መካኒኩ ይሄይስ መጣ። ይሄይስ ቀጥተኛ ሰው ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ቆየና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ፒስተኖቹም አልቀዋል። ሞተሩ መውረድ አለበት። ብትጠግናት ትሄዳለች፣ ወጪው ግን አንተ የምትችለው አይደለም። እንዳለች ብትሸጣት ገላዋን የሚፈልግ ይገኛል። ካልሆነም ለብረት ቆራጭ ስጣትና ግልግል።"

"እስቲ እናስብበት" አለ እንየው።

ሲያስብበት መስከረም አለቀ። ዶሮዎቻቸው የሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ "ሽጣት፣ ጠግናት፣ ቁረጣት" እያለ ያልፋል።

የመኪናዋ ነገር ያን ያህል ባላሳሰበኝ። የባሰው ቤት ውስጥ ነበር። የሻረግ ሆዷ እያበጠ ነው። በነጠላዋ ሸፍና ስትይዘው ከረመች፤ እኔ ግን ውሃ ስትቀዳ ጎንበስ ማለት እንዳቃታት አይቼ እጇን ይዤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እንየውን ለብቻው ጠርቶ ማሕፀኗ ላይ ዕጢ እንዳለ፣ ባሕር ዳር ሄዳ በቶሎ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት ነገረው። "በቶሎ ስልዎት፣ ለገና ማለቴ አይደለም" አለው። እንየው ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

በሚኒባስ ልንወስዳት ሞክረን ነበር። መናኸሪያ እስክንደርስ ባጃጁ ላይ ሁለቴ ራሷን ስታ መለስናት። መቀመጥ አትችልም፣ መተኛት አለባት። መኪና ኮንትራት ይዞ መሄዱ፣ እዚያ ማሳከሙ፣ መድኃኒቱ፤ ይህ ሁሉ የሚመጣው ከየት ነው? ከብት የለ፣ መሬት የለ። ያለችው ግቢ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት መኪና ናት።

አንድ ቀን አጥሚት ይዤላት ስገባ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች፤ በአገውኛ ነው። እንየው ሰላምታና የገበያ ዋጋ ካልሆነ አገውኛ አይሰማም፤ እኔ ግን አፌን የፈታሁበት ነው። "እህቴ፣ መሞት አልፈልግም። ገና ነኝ። ይህን ሰው ለማን ጥዬው እሄዳለሁ?" አለቻት። እንየው አጠገቧ ተቀምጦ እግሯን ያሻል። ስልኩን ዘግታ ወደሱ ዞረችና በአማርኛ "ዛሬ ቀለል ብሎኛል፣ አትጨነቅ" አለችው።

ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። በሩ ላይ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት፤ ምንም አላስቀረሁም።

"አንተ ሰው፣ ሚስትህ መኖር ትፈልጋለች። ይችን ብረት ሽጥና አሳክማት።"

ዞሮ መኪናዋን አየ። "ሬሳው ሁሉስ በምን ሊሄድ ነው?" አለኝ መጨረሻ ላይ። አናደደኝ፤ እውነት ለመናገር ልመታው ቃጣኝ።

"ሬሳ ምን ይሆናል? የባሰ አይሞት!" አልኩት።

ጥሊሊ እንዳልካቸው የሚባል ድንች ነጋዴ አለ። ሌላ ሞተር ስላለው የመኪናዋን ገላ ይፈልጋል ተብሎ ይሄይስ ላከው። ዞሮ ዞሮ አያት፣ በእግሩ ጎማዋን ነካ ነካ አደረገ። እንየው የማይዋሽ ሰው ነውና ሬሳ ስትጭን እንደኖረች ሳይጠየቅ ተናገረ። እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ራሴን ያዝኩ። እንዳልካቸው ግን ሳቀ።

"ድንች ሬሳ አይፈራም፣ ወንድሜ። ሰኞ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ።"

እንየው እንዲያ ሲቀለው አይቼው አላውቅም። ዶሮዎቹን አባሮ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አጠባት። የሻረግም ትራሷን ከፍ አድርጋ በመስኮት ታየው ነበር። "ላሞቼን መልሳ ልትተፋ ነው" አለችኝ፤ ሳቀችም። ያን ሳቅ ከወራት በኋላ መስማቴ ነበር።

ወሬ እግር አለው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያ መሳፍንት፣ የእድሩ አባል አሳምነውና ሌላ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ግቢው ገቡ። እኔም ሽንኩርቴን ጥዬ ገባሁ፤ ማን ይከለክለኛል? የታመመ መጠየቅ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ የሻረግን ጠየቁ፣ "እግዜር ይማርሽ" አሉ፣ ብርቱካን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው መኪናዋ አጠገብ ባለው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

"እንየው" አሉ አያ መሳፍንት፣ "ይች መኪና በስምህ ትሁን እንጂ ያንተ ብቻ አይደለችም። የስንቱ አባት፣ የስንቱ እናት በሷ ሄዷል። ለድንች ልትሰጣት ነው ሲሉ ሰማንና ደነገጥን።"

"ሚስቴን ላሳክምበት ነው፣ አያ መሳፍንት።"

"እሱንማ እናውቃለን። እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣን። እድሩ ተሰብስቦ መክሯል፤ ሞተሯን ከእድሩ ገንዘብ እናሠራልሃለን። ስትጠገን ጀርባዋ ላይ ፍራሽ ታነጥፍና ሚስትህን አስተኝተህ ባሕር ዳር ትወስዳታለህ። የሐኪሙንና የስንቁንም ከየቤታችን እናዋጣለን። መኪናህም አልሄደች፣ ስምህም አልጠፋ።"

እንየው መሬት መሬት ያያል። እኔ አላስቻለኝም።

"አያ መሳፍንት፣ ይህን ያህል ገንዘብ ካለ ለምን ለራሷ ለየሻረግ አይሰጥም? መኪናዋን ለነገ ትተው ሴትዮዋን ዛሬ ያሳክሟት።"

"ደንቡ አይፈቅድም፣ እመቤት። የእድር ገንዘብ ለሞት ነው። መኪናዋ ሬሳ ስለምትጭን በቀብር ወጪ ትያዛለች። ለታመመ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሁሉም ይታመማል፤ ለታመመ ሁሉ ከከፈልን እድሩ አንድ ክረምት አይሻገርም።"

"ሁሉም ይሞታል እኮ!"

"ይሞታል። ግን አንድ ጊዜ ነው የሚሞተው" አሉኝ።

ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ባሌ ሲሞት ሦስት ቀን ድንኳኔ ውስጥ የተኙ፣ ሬሳውን ከመኪናዋ አውርደው በትከሻቸው የተሸከሙ ሰው ናቸው። ችግሩ ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ እንየው እንቢ ለማለት ምናልባት አይከብደውም ነበር። ሽማግሌ ግንድ ላይ ተቀምጦ እየለመነው፣ በዚያ ላይ መኪናዋም ስሙም ሚስቱም ባንድ ላይ ሊተርፉለት እንደሚችሉ እየተነገረው፣ ይሉኝታ ይዞት "እሽ" አለ። ሰኞ እንዳልካቸው ሲመጣ ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው። እንዳልካቸው ምንም ክፉ አልተናገረም፤ "ቸር ይግጠማችሁ" ብሎ ሄደ።

መኪናዋ ተስባ ዳንግላ፣ ይሄይስ ጋራዥ ገባች። ይሄይስ ሞተሩን አወረደ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት የመጣው ዕቃ ሌላ ሆነ። እንየው በየቀኑ ማለት ይቻላል ዳንግላ ይመላለሳል፤ ማታ ሲገባ "የሻሬ፣ ትንሽ ቀርቷታል" ይላታል። የሻረግ "ጎሽ" ትለዋለች። በዚህ መሐል ጥቅምት አለቀ። ሆዷ እየገፋ ፊቷ እየከሳ ሄዶ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ጠያቂ አልጠፋም፣ ኧረ ቤቱ ሞልቶ ነው የሚውለው። እንቁላል ይመጣል፣ ጠበል ይመጣል፣ ማር ይመጣል። ጠያቂው ሁሉ ሲወጣ በሬ ላይ ቆም ብሎ "አይ የሻረግ፣ አበቃላት" ይለኛል፤ ከዚያ ሽንኩርት ገዝቶ ይሄዳል።

ኅዳር ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ የፒካፗን ድምፅ ሰማሁ። እንደ አዲስ ትንጎራጎራለች። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አጨበጨበ። ይሄይስ ራሱ አብሮ መጥቶ ነበር፤ "አሁን ሞተሩ ከገላው ይበልጣል" አለ። እንየው ጊዜ አላጠፋም። ጀርባዋን በውሃ አጠበ፣ ገለባ ጎዘጎዘ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ ብርድ እንዳይነካት ሸራ ወጠረበት። ነገ ሌሊቱ እንደነጋ ሊነሱ ነው። እኔ ልብሷን ጠቀለልኩ። የሻረግ ጸጉሯን እንድሠራላት ጠየቀችኝ፤ ባሕር ዳር ስትገባ ሰው እንድትመስል። ሠራሁላት።

ሲነጋጋ ጡሩምባ ተነፋ። ውቤ ሞተ። ውቤ የእድራችን አባል ነው፣ በሬ ሻጭ፤ አገሩ ከአዘና ወዲያ፣ አስፋልት ከሚያልቅበት በጣም ሩቅ ነው። ጡሩምባውን እንደሰማሁ ነጠላዬን ሳልለብስ ወደ እነ እንየው ሮጥኩ። ስደርስ አያ መሳፍንት በሩ ላይ ደርሰዋል። እንየው የሻረግን ሊያወጣት አልጋዋ ላይ አስቀምጧት ነበር።

"እንየው፣ ችግሩን አየኸው" አሉ፤ ድምፃቸው የለማኝ ነው። "ወደዚያ የሚወጣ ሌላ መኪና የለም። ዛሬ አድርሰኸው ማታ ትመለሳለህ። ነገ በጠዋት የሻረግን ትወስዳለህ። ሬሳ አያድርም፣ ወንድሜ።"

"የታመመስ ያድራል?" አልኩ። እንየው በሩን ይዞ ቆሟል። አንዴ እሳቸውን ያያል፣ አንዴ ፍራሹ የተነጠፈባትን መኪና። የዚያን ቀን እንቢ ሊል ነበር፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከውስጥ ግን የሻረግ ጠራችው።

"ሂድ" አለችው። "በእድሩ ገንዘብ ተጠግና፣ ሬሳ አስቀምጠን እኛ በሷ ብንሄድ ምን ይሉናል? ኋላ ማን ይቀብረናል? አንድ ቀን ነው፣ ሂድ።"

በአማርኛ ነው ያለችው፤ ሁላችንም ሰማን። ለእህቷ በአገውኛ ያለችውን የምናውቀው ግን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እንየው አየኝ። ከዚያ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ቤት አስገባው፣ መኪናዋንም ወደ ውቤ ቤት አዞራት።

የውቤ አገር ሩቅ ነው። ሬሳው ደርሶ፣ ሙሾው ተወርዶ፣ ፍትሐቱ ተደርሶ ሲቀበር ቀኑ መሽቷል። ለቅሶ ደርሶ እዝን ሳይቀምሱ መነሳት ነውር ነው። ከቀመሱ በኋላ ደግሞ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደና የጭቃው መንገድ ተበላሸ። አብረው የሄዱት ለቀስተኞች "በዚህ ጭቃ አንነሳም፣ እንደር" አሉ። እንየው ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎ ነበር አሉ፤ "ለቀስተኛ ጥለህ?" ሲሉት ቀረ። ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

እኔ ከየሻረግ ጋር አደርኩ። ጠዋት ላይ ትንሽ ጠበል ጠጣች። አስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ መኪና አይቋረጥም፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር "እሱ ነው?" ትለኛለች። መጀመሪያ "አይደለም፣ ይመጣል" እላት ነበር። በኋላ ብርድ ልብሷን ብቻ አስተካክልላታለሁ። ረፋድ ላይ መጠየቋን ተወች። እጄን ይዛ ነበር፤ መቼ እንደለቀቀችኝ አላወቅኩም። ያሠራችው ጸጉር አልተፈታም።

ለዚህ ለዚህ እድራችን አይታማም። ጡሩምባው ወዲያው ተነፋ። ድንኳኑ ከውቤ ቤት ተነቅሎ እነ እንየው በር ላይ እስኪተከል እኔ አልቅሼ እንኳ አልጠገብኩም። ወንበሩ መጣ፣ ድስቱ መጣ፣ ውሃው በበርሜል መጣ። ሚስቱን ለማሳከም ስንለምነው የነበረው ገንዘብ፣ ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ፣ በፖስታ ተደርጎ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እንየው የደረሰው እኩለ ቀን አልፎ ነው። ቅያሱን ሲታጠፍ ድንኳኑን አየና ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ቆመ፤ ደፍሮ የሚጠጋው ጠፋ። መኪናዋን አዞረና ወደ ኋላ እያስጠጋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጣት። ለቅሶ ቤት ሲደርስ ዘወትር እንዲያ ነው የሚያቆማት፣ ሬሳው ለመጫን እንዲመች። ድንኳኑ የማን እንደሆነ አልገባውም አልልም፤ እጁ ግን የለመደውን ሠራ። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ዞሮ የኋላውን በር አውርዶ ከፈተ። ከዚያ ቀና ብሎ የራሱን ደጃፍ አየ።

አልጮኸም። መኪናዋ ጀርባ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አንጠልጥሎ። ሰዎች ይዘው እስኪያስገቡት እዚያው ነበር።

በማግሥቱ የሻረግን ወደ አገሯ ወሰድናት፣ ከጥሊሊ በላይ። ይንዳ ሌላ ሰው ቢሉት እንየው ቁልፉን አልሰጥም አለ። ያ ዳገት ድሮ ሁለት ሦስቴ ውሃ እየጠጣች የምትወጣው ነው፤ ያን ቀን ግን አንዴ እንኳ አላስነጠሳትም። ከኋላ ሬሳውን ይዘው ከተቀመጡት አንዱ አሳምነው "ምን የመሰለ ሞተር ነው የሠራው፣ ይሄ ይሄይስ" አለ። በቅንነት ነው፤ ግን ገፍትሬ ከመኪናው ብጥለው ደስ ባለኝ። የሻረግ ከእናቷ ጎን ተቀበረች። እህቷ በአገውኛ ስታለቅስ የምትለውን እንየው አልሰማም፤ ተርጉሚልኝም አላለኝም።

አርባዋ እስኪወጣ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆመች። ለለቅሶ እንዳልካቸውም መጥቶ ነበር፤ አሁን ከነሞተሯ በእጥፍ እንደሚገዛት በዘዴ ነገረው። እንየው ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ያው ለእድሩ ሊያቆያት ነው ብሎ አሰበ፤ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

አርባው በወጣ ሳምንት ይሄይስ ከዳንግላ መጣ። ሞተሩን አውርዶ ሣር ላይ አስቀመጠው። በነጋታው ብረት ቆራጮች ደረሱ። ወሬው ሲዳረስ አያ መሳፍንት ከነሽማግሌዎቻቸው እየሮጡ መጡ። እንየው በር ላይ ተቀበላቸው፤ ወንበር አመጣ፣ አስቀመጣቸው።

"ሞተሩ የናንተ ነው፣ ውሰዱት" አላቸው። "ብረቱ የኔና የየሻሬ ነው።"

አያ መሳፍንት ሞተሩን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። የመጀመሪያው ቆራጭ የጀርባዋን ጠርዝ ይዞ እሳቱን ለኩሷል። ሽማግሌው የእውነት ጨንቋቸው ነበር፤ እንባ ሁሉ አቅርረዋል።

"ኧረ ተው ልጄ፣ በፈጠረህ። ነገ ሰው ሲሞትብን ምን ልንሆን ነው? ሬሳውን ማን ያደርስልናል?"

እንየው እሳቱን እያየ ነበር። ሲመልስላቸው ድምፁ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው፤ ቁጣም አልነበረበትም።

"ለሬሳ ሰው አይጠፋም፣ አያ መሳፍንት። የሻሬ የሞተች ዕለት ሁላችሁም መጥታችኋል።"